ጋራዡ ግድግዳ ላይ የቀረችው ፊደል

እስቲ ቀና በሉና ከበላያችሁ የተሰቀለውን የፕላስቲክ ባነር እዩት። ፋርማሲውም፣ ፀጉር ቤቱም፣ የሬሳ ሳጥን መሸጫውም በአንድ ዓይነት ፊደል ነው የተጻፈው። ማንም እጁን አላሳረፈበትም፤ ማሽን ተፋው። እኛም አሜን ብለን ከሥሩ እናልፋለን።

የሰፈራችን የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ግን አላለፈም። ታላቅ ወንድሙ በብሩሽ የሱቅ ስም እየጻፈ የኖረ ሰው ነበር። ወንድሙ ሲሞት እሱ አላለቀሰም። ለቀስተኛው ምን ዓይነት ደንዳና ነው ብሎ አማው፤ እሱም ሐሜቱን እንደ ሌላ ሰው ወሬ ሰማው። ከዚያ በኋላ ግን የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ በሄደበት ሁሉ የወንድሙን ጽሑፍ በስልኩ ማንሳት ጀመረ። ከጫማ ቤት ‹ጫ›ን፣ ከወፍጮ ቤት ‹ጮ›ን ይዞ ይገባል። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ይዘረጋና ልጁ ባወረደችለት ነጻ ፕሮግራም የፊደሉን ጠርዝ ነጥብ በነጥብ ይከተላል። ሐሳቡ የወንድሙን የእጅ ጽሑፍ የኮምፒውተር ቁልፍ ሲነኩ የሚወጣ ፊደል፣ ፎንት የሚሉትን፣ አድርጎ ማስቀረት ነው። ማንም አላስተማረውም። መጀመሪያ የሠራቸው እንደ ሰካራም እርስ በርስ የሚደጋገፉ ነበሩ፤ አፍርሶ ሠራቸው።

ግድግዳ ላይ ያላገኘውን ፊደል ከዚያው ቤት ፊደላት አዋለደ። ‹ጉ› ካለ ‹ጊ› አያስቸግርም። የ‹ዥ› ቤት ፊደላት ግን በሙሉ በአንድ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለው ነበር፤ ከመንገዱ መጨረሻ ባለው ጋራዥ። ከጋራዥ ሌላ ስሙ ላይ ‹ዥ› የሚያስፈልገው ማን አለ?

ታዲያ ለምን ቶሎ አላነሳትም? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰውየው ቆጣሪ የሚያነበው በተራ ነው፤ ቤት አይዘልም። ፊደሉንም በዚያው ልማድ ያዘው። የአንዱን ሱቅ ጽሑፍ ሠርቶ ሳይጨርስ የሚቀጥለውን አያነሳም። ግድግዳ እግር የለው፣ የት ይሄዳል አለ።

ተራዋ ደርሶ ሲሄድ ግድግዳው እርጥብ ነበር። አሮጌውን ልስን ፈንቅለው እንደ አዲስ ለስነውታል፤ ከበላዩ ባነር ተወጥሯል። ሰው ሁሉ ‹ብሎን› የሚለው ባለጋራዥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ምን ሆነህ ነው የደረቅኸው አለው። ነገረው።

«ፊደል ነው የጠፋብህ?» አለ ብሎን። «ባነሩ ላይ አለችልህ፣ እሷን አንሳት። ግድግዳ ነው የለሰንነው፣ ሰው አልቀበርን።»

መካኒኮቹ ሳቁ። ቆጣሪ አንባቢው አልተቆጣም። ቆጣሪውን አነበበ፣ ቁጥሩን መዘገበ፣ ሄደ። እኔ ብሆን ባነሩን ቀድጄው ነበር።

ቤቱ ገብቶ ከ‹ኝ› አናት ላይ ቆቡን፣ ያቺን አግዳሚ ሰረዝ፣ ቆረጠና ለ‹ዝ› ደፍቶ ‹ዥ› አደረጋት። አትሞ ለወንድሙ ሚስት ወሰደላት። ባሏ የጋራዡን ስም ሲጽፍ መሰላሉን የያዘችለት እሷ ናት። ወረቀቱን በጣቷ ከላይ እስከ ታች ሄደችበትና ‹ዥ› ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ ፀጉሩ መሸበቱን ረስታ፤ «ይቺ የሱ አይደለችም። የተውሶ ቆብ ነው ያደረግህላት።»

«የሱ እንዴት ነበረች፣ እትዬ?»

«እኔ እንጃ። ባያት ግን አውቃታለሁ።»

እርሳስ ሰጣት። ሞከረች፤ እጇ እምቢ አለ። እርሳሱን መለሰችለት።

ቤቱ ሲመለስ ያቺን ‹ዥ› አጠፋት። ዛሬ በዚያ ፊደል ‹ጋራዥ› ብላችሁ ብትጽፉ መጨረሻው ላይ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ወዳጆቹ የትኛዋንም ሰክተህ ገላግለን ይሉታል። አይሰካም። ቢናደድ፣ ቢያለቅስ እንኳ ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን ሳጥኑን እንደ ቆጣሪ ነው የሚያየው።

እንግዲህ እኔ እናንተን ልለምን። በዚህ አካባቢ መኪና የገዛ ሁሉ ጋራዡ በር ላይ መኪናውን ተደግፎ ፎቶ ሲነሳ ኖሯል። አልበማችሁን አውጡ። የራሳችሁን መልክ ለአንዴ ተዉትና ከትከሻችሁ በላይ ያለውን ግድግዳ እዩ፤ ሰማያዊ ላይ በነጭ የተጻፈ ነው። ‹ዥ› ግማሿም ብትሆን ከታየች፣ ሰውየው ቆጣሪያችሁን ሊያነብ ሲመጣ በር ላይ ስጡት። አደራ።