ወፏና ከጀርባዋ የነበሩት

በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ማንሳት ነው። ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለቅጥር፣ ለማኅበር ደብተር ሰው ሁሉ ይመጣል፤ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ «ቀና በሉ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» እላለሁ፤ አለቀ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የማየው ፊቱን ያኮሳተረ ሰው ብቻ ነው። ለመታወቂያ ማን ይስቃል?

እሑድ ግን የራሴ ነበር። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር የገዛሁት አሮጌ የራሺያ ካሜራ አለኝ። ከፎቶ ቤቱ የሚተርፈውን ቁራጭ ፊልም አጠራቅሜ፣ ዳቦ በወረቀት ጠቅልዬ፣ በእግሬ ወደ ላፍቶ እወርዳለሁ። ያኔ ላፍቶ እርሻ ነበር። የማነሳው ወፍ ነው። ለምን ወፍ እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ደህና መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ምናልባት «ቀና በሉ» የማልለው ነገር ማንሳት ስለሚያሳርፈኝ ይሆናል።

አንድ ቀን ለገበሬ ማኅበር መታወቂያ ሊነሱ የመጡ የላፍቶ ሽማግሌ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የእርግብ ፎቶ አይተው ቆሙ።

«ይቺን ያነሳሃት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እርግብማ የትም አለች። እኔ እርሻ ሥር ባለው ወንዝ፣ መሬት ውስጥ የምትገባ ወፍ አለች። እንደ አይጥ ጉድጓድ አላት። እሑድ ና፣ አሳይሃለሁ።»

ሄድኩ። እውነታቸውን ነው። የወንዙ ዳርቻ ተንዶ ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ሠርቷል፤ ከግድግዳው መሀል የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ከጭብጥ የማትበልጥ ወፍ ውኃውን ታክካ መጣች። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካን፣ ምንቃሯ ቀይ። ዓሣ ይዛ እልም ብላ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። የእኔ ፊልም ጥቁርና ነጭ መሆኑ ያን ቀን እንደቆጨኝ ሌላ ጊዜ ቆጭቶኝ አያውቅም።

እንዲህ ያለች ትንሽ ወፍ በሩቁ ብትነሳ ነጥብ ነው የምትሆነው። ስለዚህ ሽማግሌው በሰጡኝ አሮጌ ጆንያና በጭራሮ ከቀዳዳው ወደ ጎን ሦስት እርምጃ ላይ መደበቂያ ሠራሁ። ካሜራው ቀርቦ እንዲያነሳ ከሌንሱ ጀርባ ቀለበት ጨመርኩበት። ሁለት እሑድ ሙሉ እዚያ ተቀምጬ አንድም የረባ ፎቶ አላገኘሁም፤ ካሜራው ቀጭ ሲል ወፏ ትበራለች። በሦስተኛው እሑድ ድምፁን ለመደችው።

የዚያን ቀን ጠዋት፣ መደበቂያው ውስጥ ከመግባቴ በፊት፣ ብርሃኑ ወንዙ ላይ ደስ ብሎኝ ከላይ ሆኜ አንድ ፎቶ አንስቼ ነበር። ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ መሀል ሰዎች በመስመር ይወርዱ ነበር፤ ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ ኮት የለበሱ ወንዶች። ለቅሶ የሚሄዱ መስለውኝ ብዙም ልብ አላልኳቸውም።

መደበቂያው ውስጥ ገብቼ ወፏን ስጠብቅ መዝሙር ሰማሁ። ጮክ ብሎ አይደለም፤ ሰው ሕፃን እንዳይነቃበት እንደሚያንጎራጉረው ዓይነት። በጆንያው ቀዳዳ ሳይ እነዚያ ሰዎች ከወንዙ ማዶ ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል። ጴንጤዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሲሰበሰቡ የተያዙም እንዳሉ ሰፈር ውስጥ ይወራል። ከመሀላቸው አንዷን አወቅኋት፤ ከኪራይ ቤቴ ሁለት በር አልፎ የምትኖር፣ ከደቡብ የመጣች፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤቴ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ።

እሷም ጆንያው ሲንቀሳቀስ አይታ ኖሯል። በድንጋይ በድንጋይ ወንዙን ተሻግራ መጣችና ጆንያውን ገለጥ አደረገችው። እኔን ስታይ፣ ከዚያ ካሜራውን ስታይ፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አንተ ነህ? እኛን ነው የምታነሳው?»

«ኧረ በጭራሽ እትዬ! ወፍ ነው። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ወፍ አለች።»

«ወፍ?»

«እዚህ ይቀመጡና ይዩ። እባክዎ።»

እምነት አጥታ፣ ግን ደግሞ መሄድም ፈርታ፣ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ብዙ አልጠበቅንም። ወፏ መጥታ ከቀዳዳው ፊት ወደ ውኃው በወጣች የዛፍ ሥር ላይ አረፈች፤ ዓሣውን ጭንቅላቱን ወደ ፊት አድርጋ ይዛዋለች። ጎረቤቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ለምን ገልብጣ ያዘችው?»

«ለጫጩቶቿ ነው። ለራሷ ቢሆን ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ነበር የምታደርገው። ሲያጎርሱ በጭንቅላቱ በኩል ነው።»

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ማን አስተማራት?» አለችና ተነስታ ቆመች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጆች አሉን። አደራህን» ብላኝ ተሻገረች።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አንድ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ አስቆመኝ። ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚያነሳ ሰው አለ የሚል ጥቆማ ደርሷቸዋል። ቀበሌ ወሰደኝ። ሊቀመንበሩ ካሜራዬን እያገላበጠ ጠየቀኝ።

«ምን ስታነሳ ነበር?»

«ወፍ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ለማን?»

«ለራሴ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ጥበቃውን ወደ ፎቶ ቤት አብሮኝ እንዲሄድ፣ ፊልሙ ዓይኑ እያየ እንዲታጠብና ወፍ ያልሆነ ነገር ካለ ከእኔ ጋር ይዞት እንዲመጣ አዘዘው።

ያኔ ነው የጠዋቷ ፎቶ ትዝ ያለችኝ። ሰዎቹ እዚያች ላይ አሉ።

ጥበቃው በእኔ ዕድሜ ያለ ዝምተኛ ሰው ነበር። ጠባቧ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጠመንጃው ከመደርደሪያው ጋር እየተጋጨ አስቸገረው። ፊልሙን አጠብኩ፣ አደረቅሁ። ተቀብሎኝ አምፖሉ ላይ ዘረጋው። ኔጌቲቭ ላይ ነጭ የነበረው ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ የሴቶቹ ነጠላ ጠቁሮ ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጣቱን እዚያችው ላይ አሳረፈ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ዛፎች ናቸው» አልኩ።

ፊልሙን ወደ አምፖሉ አስጠጋው። «ዛፍስ ምን ያደርጋል፣ የወፏን አትም» አለኝ።

በቀይ መብራት ሥር ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርኩት። መጀመሪያ ምንቃሯ ወጣ፣ ከዚያ ዓይኗ፣ ከዚያ ዓሣው ከነቅርፊቱ። ጥበቃው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለ።

«ኧረ ዓሣ ይዛለች! ዓሣው ዓይን አለው እኮ!»

ከወፏ ጀርባ፣ ማዶ ሰዎቹ በነበሩበት ቦታ፣ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነገር ብቻ ይታያል። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በቅርብ የተነሳ ነገር ሲጠራ የሩቁ እንደሚደበዝዝ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ያችን የመጀመሪያዋን ምስል በምላጭ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩ፤ ማታ ቤቴ አቃጠልኳት። ከማቃጠሌ በፊት በማጉያ መነጽር አየኋት። የእያንዳንዱ ሰው ፊት ይለያል። ብርሃኑ በዛፎቹ መሀል ገብቶ ትከሻቸው ላይ አርፏል። እንደዚያ ያማረ ፎቶ ከዚያ በፊት አንስቼ አላውቅም ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላትመው ጠፋ። የሚያሳፍር ነገር ልናገር፤ ያን ቀን ከፍርሃቱ ይልቅ ያ ነው ያንገበገበኝ።

ሊቀመንበሩ የወፏን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየና ከወፍ ይልቅ በስብሰባ መገኘት እንደሚሻለኝ መክሮ ለቀቀኝ። ካሜራው ግን ለማጣራት ተብሎ ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥበቃው በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እናቱ ታመው አልጋ ላይ መሆናቸውን ነግሮኝ የወፏን ፎቶ አንድ ለእሳቸው ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ወደ በሩ ሄዶ መለስ አለ።

«እነዚያ ዛፎች ቦታ ቢቀይሩ ይሻላቸዋል» አለኝ። «በሚቀጥለው እሑድ ወደዚያ የሚላኩ አሉ። እኔ ብቻ አይደለሁም የምሄደው።»

ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ መታወቂያ የሚነሳ ሰው ይመስላል። አመሰግናለሁ ልል አፌን ስከፍት ወጥቷል።

ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። ጎረቤቴ ከፋብሪካ እስክትመለስ በሯ ላይ ጠበቅኋትና የተባልኩትን ነገርኳት። ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችኝም። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና፣ «ወንድሜ፣ ግባ ሻይ ጠጣ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትታ ወንድሜ ብቻ ነው የምትለኝ። እነሱም ወደ ወንዙ አልተመለሱም። የት እንደሚዘምሩ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ ባላውቅ ለሁላችንም ይሻል ነበር። ከመሀላቸው በዚያ ሰሞን የተያዘ ሰው እንዳልነበረ ግን ከሁኔታዋ ገብቶኛል።

እኔ ጥቂት ሳምንት አሳልፌ ወደ ላፍቶ ወረድኩ። ጫጩቶቹ በረው ቀዳዳው ባዶ ነበር፤ ጆንያዬንም ሰው ወስዶታል። ሽማግሌው ሳቁብኝ።

«እያንዳንዱ ወፍ አንተን ሲጠብቅ ይኖራል እንዴ? ና፣ ረግረጉ ላይ ይብራ የሚሏት የዱር ዳክዬ ወርዳለች። ግን በደረትህ ካልተሳብክ አታስጠጋህም።»

ኮቴን አውልቄ አጥር ላይ ሰቀልኩና ተከተልኳቸው።