የጎደለችው «በ»

ባለፈው እሑድ ከቂርቆስ አስቀድሼ ስመለስ ልጄ ሰብለ በካዛንቺስ በኩል ይዛኝ መጣች። አዲስ ቤት ተከፍቷል፣ ላሳይሽ ብላ ነው። ከመንገዱ ዳር አቆመችኝና ወደ ላይ አመለከተችኝ። በቢጫ ሰሌዳ ላይ በትልልቅ ፊደል «የእናቴ ቡና ቤት» ተብሎ ተጽፏል።

«ስሙ ደስ አይልም፣ እማዬ?» አለችኝ።

እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። ውስጥ ማሽኑ ያፏጫል፤ ወጣቶች ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። ሰብለ ደንግጣ ክንዴን ያዘች።

«አመመሽ እንዴ? ማኪያቶ ባይስማማሽ ሻይ ልዘዝልሽ።»

«ወደ ቤት ውሰጂኝ» አልኳት።

ብዙ መናገር አልወድም፤ ልጆቼ ያውቁታል። ያን ዕለት ግን ለምን ፊቴ እንደጠቆረ መናገር ይገባኛል፤ ባለቤቱ ምንም አላጠፋምና። የዛሬ ሰው «ቡና ቤት» ሲል ከቡና ሌላ አያስብም። እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ ግን ያንን ቃል «ከእናቴ» ጎን የሚያስቀምጥ ሰው ጠብ የፈለገ ነበር።

ጣልያን ከተማውን በያዘ ጊዜ እናቴና እኔ ብቻችንን ነበርን። አባቴ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። ዛሬ ካዛንቺስ ከሚባለው ሰፈር ጠርዝ ላይ በአንዲት የጭቃ ቤት እንኖር ነበር። ከእኛ በላይ የነበሩትን ጎረቤቶች አስነሥተው ለሹሞቻቸው የድንጋይ ቤት ይሠሩ ነበር። ቤቶቹን በቋንቋቸው «ካዛ ኢንቺስ» ይሏቸዋል፤ የእኛ ሰው አፉ እንዳመቸው «ካዛንቺስ» አላቸው። እኛ የእነሱን ቃል አጣመን ብንሰማ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ፤ ማንንም አልጎዳም። የእኛ ቃል ሲጣመም ግን የሆነው ሌላ ነው።

እናቴ አስካለ የቡልጋ ቄስ ልጅ ናት። በአባቷ ቤት ቡና ገብቶ አያውቅም፤ በእሳቸው ዘመን ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ይባል ነበር። ቡና ማፍላት ያስተማረቻት አዲስ አበባ ከመጣች በኋላ በግድግዳ የምንዋሰናት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ናት። ወንድሟ ከጅማ የሚልክላትን ፍሬ ለእኛም ታካፍለን ነበር። ብዙ ጊዜ የተሰባበረው ነው የሚደርሰን። እናቴ ከዚያ ከተሰባበረው የምታወጣውን ቡና ግን እስከ ዛሬ የትም አልጠጣሁም።

ውኃው እስኪጠራ ታጥበዋለች። በለስላሳ ፍም ላይ፣ ሳትቸኩል፣ እጇን ሳታቋርጥ ትቆላዋለች። «የቸኮለ ቡና ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ ጥሬ ነው» ትል ነበር። የምትወቅጠው ውኃው ሊፈላ ሲል ነው እንጂ ቀድማ አይደለም። ከፈላ በኋላም ጀበናውን አዘንብላ አስቀምጣ አተላው እስኪረጋ ትጠብቃለች። ስኳር የለም፤ ቁንጥጫ ጨውና ከደጃችን የምትቀጥፈው ጤና አዳም ነው። የባቄላ ንፍሮ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘም ማንም አይጠይቅም።

ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ይሰበሰባል። ሴቶቹ፣ ደግሞም ለሹሞቹ ቤት ድንጋይ የሚጠርቡና የሚሸከሙ ወንዶች፣ ወደ ሥራ ሲያልፉ ጎራ ይላሉ። በየካቲት ከተማው ውስጥ ብዙ ሰው ካለቀ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ መነጋገር ይፈራ ነበር። ማን እንዳለ ማን እንደሌለ የሚታወቀው በቡና ላይ ነው።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ጣልያን ባር ከፍቶ ነበር፤ ለሠራተኛውም ለወታደሩም። ማሽን አለው፤ መስተዋት አለው፤ ቡናው ግን ሰው አልያዘለትም። አንድ ጎረቤታችን ድንጋይ ጠራቢ አንድ ቀን ከዚያ ጠጥቶ መጣና እንዲህ አለ፦

«እትዬ አስካለ፣ የሰጡኝ ቡና ይሁን ለጠላ የተቆላ አሻሮ እስካሁን አልለየሁም።»

«ቆመህ ነው የጠጣኸው?» አለችው እናቴ።

«ቆሜ ነዋ፤ ሁሉም ቆሞ ነው።»

«ቆሞ የሚጠጣ በቅሎ ነው። ተቀመጥ።»

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ባሩን ሲያልፍ እንደ በቅሎ እያናፋ የሚያልፍ ሆነ። ነገሩ ከባለ ባሩ ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም።

ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ዕለቱ ዓርብ። ሌሊቱን ዘንቦ ደጁ ጭቃ ሆኗል። አንድ የጣልያን ሹም ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ጫማው እንዳይቆሽሽ ከደጃችን ድንጋይ ላይ ቆመ። አስተርጓሚው የምናውቀው ልጅ ነው፤ በቀለ ይባላል፤ ያደገው ቂርቆስ ነው። እናቱ እመት ተዋቡ ከእናቴ ጋር አንድ ሰንበቴ ይጠጣሉ። ጣልያንኛውን የለቀመው ከወታደሮቹ ወጥ ቤት ነበር።

«ይህ ሁሉ ሰው ጠዋት ጠዋት እዚህ ምን ያደርጋል? ብለው ይጠይቁሻል» አለ። በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት «አንቺ» ማለት የጀመረው አዲሱን ጫማ ሲያደርግ ነው።

እናቴ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ፣ «ቡና ነዋ» አለች። «ቡና በቤቴ አፈላለሁ፤ ጎረቤት ይጠጣል።»

በቀለ ዞሮ ለሹሙ ተናገረ። ጣልያንኛ አላውቅም። ግን በመካከሉ «ባር» የምትል ቃል ሰማሁ። ያችን ቃል ከማዶው ቤት ግንባር ላይ የማያውቃት ልጅ አልነበረም። ሹሙ ራሱን ነቀነቀና አንድ ነገር አዘዘ።

«ቡና ቤት እንዳለሽ ራስሽ አመንሽ» አለ በቀለ።

«ቡና በቤቴ ነው ያልኩህ።»

«ያው ነው።»

«እንዴት ያው ይሆናል፣ ልጄ?»

«ያው ነው አልኩሽ። ቡና ቤት ያላት ሴት ሰኞ ሰኞ ሆስፒታል ቀርባ ትመረመራለች። ትእዛዙ ለሁሉም ነው።»

በዚያ ጊዜ «ቡና ቤት» ማለት ምን እንደነበር ለማያውቅ ልንገር። ለወታደር የተከፈተ ቤት ነው። በሩ ላይ ምልክት አለው፤ ሴቶቹን ሐኪም ይመረምራቸዋል። በእነዚያ ሴቶች አልፈርድም፤ ስንቷን ርሃብ እንዳስገባት እግዚአብሔር ያውቃል። እናቴ ግን የባሏን ሐዘን ከልብሷ ያላወጣች ሴት ነበረች።

ከተከተሉት ሰዎች አንዱ ጣሳ ይዞ ቀረበና በራችን ላይ በቀይ ቀለም ክብ ምልክት ቀባ። ቀለሙ ወደ ታች ተንጠባጠበ። ሹሙ በዚህ መካከል እኔን አየኝና ጠየቀ።

«ልጅቱ ባል አላት ወይ ይላሉ» አለ በቀለ።

«የላትም» አለች እናቴ፤ ለምን እንደተጠየቀች ስላልገባት።

በቀለ ተናገረ፤ ሹሙ መለሰ። «እንግዲያው ሰኞ እሷንም ይዘሽ ነይ።»

ሄዱ። እናቴ ከደጁ ቆማ ቀረች። ጀበናው ፈልቶ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ ስትቸኩል ያላየኋት ሴት ያን ጊዜም አልቸኮለችም።

በማግሥቱ ለቡና የመጣችው እትዬ ዘይነባ ብቻ ናት። ሌላው ቀይ ምልክቱን እያየ በወዲያ በኩል ዞረ። ፈርቶ ነው፤ አልፈርድበትም እላለሁ፤ ግን አልረሳሁትም። ከቀትር በኋላ አንድ ወታደር ምልክቱን አይቶ ገባ። እትዬ ዘይነባ ተነሥታ ከፊቴ ቆመች። እናቴ ሳትነሣ ሲኒ ሙሉ ቡና ዘረጋችለት። ሰውዬው ሲኒውን አየ፤ የሁለቱን ሴቶች ፊት አየ፤ የሆነ ነገር አጉረምርሞ ወጣ። እናቴ ሲኒውን መልሳ አስቀመጠች።

«አስካለ፣ ነይ ወንድሜ ዘንድ ጅማ እንሂድ» አለቻት እትዬ ዘይነባ።

«ነገ ቂርቆስ እሄዳለሁ» አለች እናቴ።

እሑድ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዛሬ ባምቢስ በሚባለው በኩል ወርደን፣ ያኔ ሣር ብቻ የነበረውን የአሁኑን መስቀል አደባባይ በጭቃው አቋርጠን ደረስን። በቅዳሴው መካከል እናቴ የቅዱስ ቂርቆስንና የእናቱን የኢየሉጣን ሥዕል ስታይ ቆየች። እናትና ልጅ በፈላ ጋን ውስጥ ናቸው፤ መልአኩ በላያቸው ነው። እኔም እያየሁ ሰኞን አስብ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ በቀለ ጃንጥላ ይዞ እናቱን ሊወስድ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆሞ አየነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደችና ከፊቱ ቆመች።

«በቀለ፣ በቅዱስ ቂርቆስ ቁም ብዬሃለሁ።»

ድምጿን አላነሣችም። እንዲህ ተብሎ የማይቆም ክርስቲያን አልነበረም፤ የጣልያን ጫማ ያደረገም ቢሆን። ከቅዳሴ የሚወጣው ሰውም ቆመ።

«ዓርብ ዕለት የነገርኩህን ድገምልኝ።»

«እትዬ አስካለ፣ እዚህ ሰው ፊት ምን...»

በእኛ ደጅ የጠፋችው «እትዬ» እዚህ ተገኘች።

«ቀለሙንም ያስቀባኸው ሰው ፊት ነው። ድገምልኝ።»

መሬት መሬት እያየ፣ «ቡና ቤት አለኝ ነው ያሉኝ» አለ።

«ቡና በቤቴ ነው ያልኩህ። አንዲት ‹በ› ጥለሃል። የት ጣልካት?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«በእነሱ ቋንቋ ሁለቱ ያው ነው» አለ በቀለ።

«ያው ከሆነ እናትህም ጠዋት ጠዋት ቡና ያፈላሉ። እሳቸውም ቡና ቤት አላቸው ብለህ ንገርና በራቸውን አስቀባ።»

እመት ተዋቡ የሰንበቴ ዳቤያቸውን በነጠላ ቋጥረው ሲወጡ ይህን ሰሙ። ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እናቴ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ እኔም በአጭሩ ነገረቻቸው። እሳቸው ልጃቸውን ከጫማው ጀምረው ወደ ላይ አዩት።

«ሰኞ እኔም ልቅረብ፣ ልጄ?» አሉት።

መልሱንም አልጠበቁም። ዳቤውን እኔን አስያዙኝና በእናቴ ክንድ ተደግፈው ከእኛ ጋር መንገዱን ጀመሩ። እሱ ጃንጥላውን ይዞ ከደጁ ቀረ።

ሰኞ ማለዳ፣ እናቴ ቡናውን እያጠበች ሳለ፣ በራችን ሲፋቅ ሰማን። በቀለ ነው። ብቻውን መጥቷል። በላምባ የተነከረ ጨርቅና ቢላዋ ይዞ ቀለሙን ይፍቃል። ግራ ጉንጩ አብጧል።

«ተሳስቼ ነው የተረጎምኩት ብዬ ነገርኳቸው» አለ ሳይዞር። «አትቀርቡም፤ ቀርቷል።»

ሹሙ ምን እንደመለሰለት ጉንጩ ይናገር ነበር። አላዘንኩለትም። ዛሬም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አላዝንም። እውነት ተሳስቶ ነው ወይስ ባለ ባሩን ሊያስደስት አውቆ ነው? ጠይቄው አላውቅም። ለእኔ ያው ነው። እናቴን በአፉ ያን ያህል አቅልሎ ይዟት ነበር፤ አንዲት ፊደል ብትወድቅበት ጎንበስ ብሎ የማያነሣት ያህል።

ፍቆ ሲጨርስ እናቴ፣ «ግባ፣ ቡና ደርሷል» አለችው።

ገባና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። አቦሉን፣ የመጀመሪያውን፣ ወፍራሙን፣ ለእሱ ቀዳችለት። እኔ ከጓዳው ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ። ለእትዬ ዘይነባ የሚገባው አቦል ነበር። ጠጥቶ ሲጨርስ፣ ከባሩ የለመደው እጁ ነው መሰለኝ፣ ወደ ኪሱ ገባ። እናቴ አየችው። እጁ ባዶውን ተመልሶ ወጣ፤ ፊቱ ከቀለሙ ብሶ ቀላ።

ከሄደ በኋላ መታገሥ አቃተኝ።

«እማዬ፣ ለእሱ ነው አቦሉ?»

ጀበናውን ለቶናው እየጣደች ነበር።

«ቡና ቤት አለመሆኑን ታዲያ በምን ይወቅ?» አለች።

በዚያው ሳምንት ድንጋይ ጠራቢው ተመለሰ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተመለሱ። እናቴ ለምን ቀራችሁ ብላ ማንንም አልጠየቀችም፤ ተቀመጡ ብቻ አለች። ቀለሙ ግን ከእንጨቱ ፈጽሞ አልለቀቀም። ዝናብ ሲመታው ሮዝ ይመስል ነበር። ጣልያን ወጥቶ፣ እኔም ተድሬ ከዚያ ቤት ስወጣ፣ በሩ ላይ ነበረ።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለሰብለ ስነግራት ቤታችን ገብተን ቡና እየቆላሁ ነበር። የቆላሁትንም እሷ ወቀጠችልኝ። ቢሮዋ አጠገብ በማሽን የተፈጨ ይሻላል የምትለው ልጅ፣ ያን ቀን ዘነዘናውን ያነሣችበት ጉልበት ለበቀለ የታሰበ ይመስል ነበር።

«እስካሁን ትናደጃለሽ?» አለችኝ።

«እናደዳለሁ።»

«ይህን ያህል ዘመን?»

እግዚአብሔር ብዙ ነገር አድርጎልኛል። ከዚያ ሰኞ አውጥቶኛል። እናቴን በክብር አስቀብሮኛል። ልጅ ሰጥቶኛል። ቀንም ማታም አመሰግነዋለሁ። ግን ስለተደረገልኝ ማመስገኔና በተደረገብን መናደዴ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ምናልባት ያልተናደድኩ ብሆን ከምን እንደወጣሁም እረሳ ነበር።

ይህንን ሁሉ አልነገርኳትም። «ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት።

አቦሉን፣ ቶናውን ጠጣች። በረካውንም ጨረሰች። ከዚያ ልታስቀኝ ብላ ቦርሳዋን ከፈተችና፣ «ሒሳብ ስንት ነው፣ እማዬ?» አለች።

አየኋት።

ቦርሳዋን ዘጋች።