ዳገቱ ላይ ውረዱ ማለት

መኪናዬ የአንድ ፋብሪካ ልጅ አይደለችም። አካሏ አሮጌ ፒክአፕ ነው፤ ሞተሯ ግን ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ነው። ሶዶ ያለ መካኒክ ሞተሩን ገጠመልኝ፤ በያጅ ደግሞ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበርና የሸራ ጣሪያ ሠራላት። እኔ ገሱባ በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነኝ። የገዛኋት ቅዳሜ ቅዳሜ ዝንጅብል ጭኜ ሶዶ ገበያ ልወስድባት ነበር፤ ዝንጅብል የጫንኩበት ቀን ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በሰፈራችን ሰው ታሞ አምቡላንስ ሲዘገይ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። እምቢ ማለት አልችልበትም፤ ብችልም ሚስቴ አታስችለኝም።

ታናሽ እህቴ የሞተችው በዚችው መኪና ላይ ነው። ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ፍራሽ ዘርግተን ከኋላ አስተኛናት። ሞተር አስነስቼ ዞር ብል ባሏ፣ እናታችን፣ አክስቶቻችን፣ የባሏ ወንድሞች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሳፍሯል። አሥራ አራት ሰው ቆጠርኩ። በእኛ ዘንድ ታማሚን ብቻውን መስደድ መጣል ነው፤ ሳይሸኝ የቀረ ሰው ነገ ዘመድ ፊት በምን ዓይኑ ይቀርባል?

"ትንሽ በዛን መሰለኝ" አልኩ።

"አይ ልጄ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ ንዳ ዝም ብለህ" አሉኝ ሽማግሌው። ዝም ብዬ ነዳሁ።

ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ረጅም ዳገት አለ። ዘንቦ ነበር። መሃሉ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ተፍታ ቆመች። ባንደኛ ማርሽ ብሞክር ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላ ጸሎቱ እየጮኸ ይሰማኛል። ውረዱ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት፤ ግን አማቼን፣ አክስቴን፣ ሽማግሌውን እንዴት አድርጌ ውረዱ ልበል? መሪውን ጨብጬ ሞተሩን ሳስጮህ ቆየሁ። በመጨረሻ እነሱው ራሳቸው ወርደው መግፋት ሲጀምሩ እናቴ ከፍራሹ አጠገብ ሆና "ተዉ፣ አትግፉ" አለች።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ሞተሩን ረገመ። እኔም አብሬ ረገምኩ፤ ይቀለኝ ነበር። ቴሌግራም ላይ አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሙያ አገኘሁ። የሞተሩን ኮምፒውተር ፈትተህ በአውቶቡስ ትልክለታለህ፤ እሱ ፕሮግራሙን ቀይሮ፣ ጉልበት ጨምሮበት፣ በአውቶቡስ ይመልስልሃል። መካኒኬ ነገሩን ስነግረው ፊቱን አጨማደደ። "ተው መምህር፣ ይቺ ሞተር ሰው ቤት የገባች እንግዳ ናት። ጉልበት ከጨመርክባት ወይ ክላቹን ታቃጥላለች፣ ወይ ራሷን" አለኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ለባለሙያው ጻፍኩለት። ዳገት ስትወጣ ቪዲዮ ላክ፣ ጭነቷንም ንገረኝ አለኝ። ባዶዋን አውጥቼ ቀረጽኩ፤ ስለ ጭነቱም እውነቱን ጻፍኩ፦ አንድ ታማሚ፣ አሥራ አራት ሸኚ።

መልሱ በድምፅ መጣ። "ወንድሜ፣ ሞተርህ ጤነኛ ነው። በከንቱ አትልፋ። ሰው ቀንስ።"

ስልኩን ከግድግዳ ላጋጨው ምንም አልቀረኝም። እህትህን የገደላት ይሉኝታህ ነው ማለቱ ነበር፤ እሱ ግን ምን እንዳለኝ አያውቅም። እኔ አውቄዋለሁ። ኮምፒውተሩን መላኩን ተውኩት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ጎረቤቴ የሆነ ገበሬ ትኩሳት ያንቀጠቀጣትን ሴት ልጁን አቅፎ ጠዋት መጣ። ሚስቱና ወንድሞቹ፣ ዘመዶቹም ተከትለው ተሳፈሩ። እኔ ዳገቱ ሥር አቆምኩና "ወንዶች በሙሉ ውረዱ" አልኩ። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም። ሰዎቹ ተያዩና ወረዱ። አባትየው ልጅቷን ለእናቷ ሰጥቶ በመጨረሻ ወረደ።

"መምህር፣ ከላይ ጠብቀን እሺ?" አለኝ።

"እሺ" አልኩት።

ባለሙያው አልተሳሳተም፤ መኪናዋ ዳገቱን እየሮጠች ወጣችው። ከላይ ቆም ብዬ ቁልቁል ሳይ ሰዎቹ ገና ሩቅ ናቸው። ልጅቷ ዓይኗ ተገልብጦ መንፈራገጥ ጀመረች። እናትየው አየችኝ። ነዳሁ። ሶዶ እስክንገባ ልጅቷ ነቃ ባለች ቁጥር አባቷን ትጠራለች። እናትየው "ከኋላ ነው፣ እየመጣ ነው" ትላታለች። ሆስፒታል በሕይወት አደረስኳት፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ግን አልቆየችም።

አባትየው ሲደርስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ከሚስቱ ፊት ነገሩን ስላነበበ ስለ ሞቷ አልጠየቀኝም።

"ጠርታኝ ነበር?" አለኝ።

"ተኝታ ነበር" አልኩት። ውሸቴን ነው። እሱም እንደዋሸሁ ያወቀ ይመስለኛል፤ ቢሆንም እጄን ይዞ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አንተ የምትችለውን አድርገሃል" አለኝ። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር። ያን ቀን ሬሳዋን ስመልስ ወንዶቹ ሁሉ ተሳፈሩ፤ ማንንም ውረድ አላልኩም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ኮምፒውተሩን ፈታሁት፣ በካርቶን ጠቅልዬ ለአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳት ሰጠሁ። መካኒኬ እንዳለው ክላቹ ከተቃጠለም ይቃጠል። ኮምፒውተሩ እስኪመለስ መኪናዋ ግቢ ቆማለች፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ታማሚ እንዳይሆን እጸልያለሁ።

ባለሙያው ዕቃው እንደደረሰው ጻፈልኝ። "ሰው ቀንስ ብዬህ አልነበር? አሁን ስንት ሰው ልትጭን ነው?"

"የመጣውን ሁሉ" ብዬ መለስኩለት።