«ደህና ነው» እያልን እስከ ደሴ

ማክሰኞ፣ ዋጃ፣ ጎህ ሲቀድ

አስፋልቱ ዳር ቆመን መኪና እንጠብቃለን። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ሰይድ፣ ያሳደጉን አጎታችን አያ ሁሴን። ሰማዩ በአፋር በኩል ቀላ ብሏል። ግንቦት ነውና ነፋሱ ፀሐይ ሳትወጣም ይሞቃል። የታረሰው ጥቁር መሬት ዘር ሳይገባበት እስከ ተራራው ግርጌ ባዶውን ተኝቷል። ሁለት ግመል የሚስብ ሰው እግሩን ሳይገታ ሰላምታውን አዥጎደጎደልን። እንዴት አደራችሁ፣ ከብቱስ፣ ቤቱስ፣ ሰይድስ እንዴት ነው?

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ አያ ሁሴን።

ሰይድ መሬት መሬቱን ያያል።

በዚህ ገጽ ላይ ስለዚህ መንገድ ደጋግሜ ጽፌያለሁ። ቆቦ ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ ለማምጣት ደሴ ስመላለስ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ እናንተም «ፋጤ የመርሳን ማንጎ ሳታነሳ አታልፍም» እያላችሁ ትቀልዱብኛላችሁ። የዛሬው ጉዞ ግን ለጨርቅ አይደለም። ወንድሜን ወደ አእምሮ ሐኪም እየወሰድኩት ነው። እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። «ጻፊው፣ ግን እንዳታሳምሪው» ነው ያለኝ።

ጦርነቱ በሜዳችን ባለፈበት ዘመን ሰይድና ጓደኛው ማሽላ ይጠብቁ ነበር። የማሽላ ጠባቂ የሚወጣበትን ማማ ታውቁታላችሁ፤ በእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ቆጥ ነው፣ ከላዩ ሆኖ ወፉን በወንጭፍ ያባርሩበታል። ጓደኛው ውሃ ሊያመጣ ወረደ። ከማማው ብዙም ሳይርቅ የከባድ መሣሪያ ጥይት ወደቀበት። ሰይድ ከላይ ሆኖ አየ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለውም። ማሽላው ታጭዶ፣ ማሳው ባዶ ሆኖ እንኳ ማታ ማታ ማማው ላይ ይወጣል። ምን እንደሚጠብቅ ስንጠይቀው አይመልስም።

ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ወዳጃ ተቀምጠንለት ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ አድርጎለታል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጸበል አምጥተውለታል። ሁሉንም በአክብሮት ተቀበለ፤ እንቅልፉ ግን አልተመለሰም። ኋላ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ባለሙያው «እንዴት ነህ?» ሲለው አያ ሁሴን ቀድመው «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ታዲያ ምኑን ነው የሚያመው?» «ትንሽ ሆዱን።» የጨጓራ ክኒን ተሰጥቶን ተመለስን። ያን ቀን ከንዴቴ የተነሳ ባጃጅ ሳልይዝ ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

አያ ሁሴንን አትፍረዱባቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ አፍ ለሌለው አፍ የሚሆኑ። ልጅ ደግሞ እሳቸው ባሉበት ቀድሞ አይናገርም። ችግሩ በሽታ በሽማግሌ አፍ አለመነገሩ ነው።

ሐኪሟን ያገኘኋት ደሴ ባለች የጨርቅ ደንበኛዬ በኩል ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የአእምሮ ሐኪም የምታውቂው አለ?» ስላት፣ እሷ ሱቅ ሙሉ ሰው እያለ «እኔ ራሴ የምታየኝ አለች» ብላ የሐኪሟን ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። ቀጠሮ ያዝን። የግል ስለሆነች ለካርዱም፣ ለምርመራውም፣ ለመድኃኒቱም ከኪስ ነው የሚከፈለው፤ የሦስት ሰው መሳፈሪያና አዳር ሲጨመርበት እኔ ከሱቄ የማወጣው አልደረሰም። አያ ሁሴን ከሁለት የእርሻ በሬዎቻቸው አንዱን፣ ቦራን፣ ሸጡ። በዚህ በእርሻ ወቅት! አሁን የቀራቸውን አንድ በሬ ከጎረቤታችን ከአያ ይማም በሬ ጋር አቀናጅተው በመቀናጆ ነው የሚያሳርሱት። ለሰይድ ግን መሸጡን አልነገርነውም። ቦራ ለመቀናጆ አያ ይማም ዘንድ ነው ብለነዋል። ከጥጃነቱ ያሳደገው እሱ ነው።

ሁለተኛ የሚሸጥ በሬ የለንም፤ የቀረውም ከሄደ የምናርስበት የለም። ነገ ሐኪሟ ፊት አፉን ካልከፈተ ቦራ በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

ቆቦ፣ ጠዋት

መናኸሪያው ከነጫጫታው ነው። «ወልድያ! ወልድያ!» ይላል አንዱ፤ «ደሴ የሞላ!» ይላል ሌላው፣ መኪናው ግን ግማሹ ባዶ ነው። ሻይ በፓስቲ አዘዝኩ። ሰይድ ፓስቲውን በእጁ ያዘው እንጂ አልበላውም። በዚህች አንድ ሻይ ውስጥ አራት የምናውቃቸው ሰዎች መጥተው ሰላም አሉን፤ አያ ሁሴን ለአራቱም «ደህና ነው» አሉ።

ሾፌሩ አያ ሁሴንን ከፊት አስቀምጦ «አባባ፣ በሰላም ነው ጉዞው?» አላቸው።

«ዘመድ ጥየቃ ነው።»

«ደሴ ዘመድ አለዎት?»

«የማይኖረው ማን አለ ልጄ?»

እዚህ ላይ ሾፌሩ ሳቀ። እኔ ከኋላ ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ።

ሮቢትን እንዳለፍን

ሮቢት ላይ ሽንኩርት በጆንያ ተጫነብን። ትንሽ እንደሄድን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ድምፁ እኔንም አስደነገጠኝ። ዞር ስል ሰይድ ወንበሩ ላይ የለም። በወንበሮቹ መሐል ተደፍቶ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል። አንድ ጎረምሳ ሳቀ። ወዲያው ግን የሳቀው እሱ ብቻ መሆኑን አይቶ አቆመ።

«ደህና ነው፣ ደህና ነው» አሉ አያ ሁሴን ከፊት ዞረው፤ «እንቅልፍ ይዞት ነው፣ ከእንቅልፉ ደንግጦ ነው።»

ከአላማጣ የመጡ አንዲት እናት አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። ነጠላቸውን አውልቀው ጀርባው ላይ ጣል አደረጉለት። ምንም አልጠየቁትም። ጎማው ተቀይሮ ስንነሳ ብቻ ወደኔ ዘንበል ብለው «የእኔም ልጅ እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉኝ፣ ትግርኛ በተቀላቀለበት አማርኛቸው። «ምን አደረጋችሁለት?» አልኳቸው። «ምን አውቄ» አሉ። የሐኪሟን ስልክ ነገርኳቸው፤ ስልካቸው ላይ ራሴ መዘገብኩላቸው። ወልድያ ወረዱ። ነጠላውን ሳይቀበሉ ሊሄዱ ነበር፣ ሰይድ አጥፎ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

መርሳ

ማንጎው አለ። በየላስቲኩ ተደርድሮ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል። ሴቶቹ መኪናው ሳይቆም በመስኮት ያስገቡታል። አንድ ላስቲክ ገዛሁ። አያ ሁሴን በጩቤያቸው ልጠው ለሰይድ ሰጡት፤ አንዱን በላ። አንድ ማንጎ ስለበላ እንባዬ መጣ። ይህን ስታነቡ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን እንደዚያ ነበርኩ።

ሐይቅን ስናልፍ ውሃው ከሩቅ ያበራል። ሰይድ እስኪሰወር ድረስ አየው። ሌላ ጊዜ ስለ ዓሣው እጽፍላችኋለሁ።

ደሴ

ቆላ ለለመደ ሰው ደሴ ግንቦትም ላይ ይበርዳል። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ከሕንፃዎቹ ጋር ተቀላቅሏል። አያ ሁሴን «እዚህ አገር ሰው እንዴት አድርጎ ያርሳል?» እያሉ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናነቡ። መናኸሪያው አጠገብ አልቤርጎ ያዝን፤ ለእነሱ አንድ ክፍል፣ ለእኔ አንድ። አልጋው ንጹህ ነው፤ ውሃ ግን በባልዲ ነው።

ረቡዕ፣ ሐኪሟ ዘንድ

መጠበቂያው ሞልቷል። የጠበቅኩት እብድ የሚባል ሰው ነበር፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ያየሁት ግን የደብተር ቦርሳ የያዘች ተማሪ፣ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ፣ ሕፃን የታቀፈች አራስ ነው። ሁሉም እንደኛ አንገቱን ደፍቷል።

ተጠራን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ተነስታ አያ ሁሴንን በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ተቀመጥን። ከዚያ ወንድሜን አየችውና «እንዴት ነህ ሰይድ?» አለች።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ አያ ሁሴን።

ትናንትና ዛሬ ስታገሥ የቆየሁት ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «ደህና ከሆነ ቦራን ለምን ሸጡት?» አልኳቸው። በሕይወቴ ለአጎቴ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሬ አላውቅም።

አያ ሁሴን ዱላቸውን አዩ። ሰይድ ግን ቀና አለ።

«ቦራ ተሸጠ?»

ወደ አጎታችን ዞረ።

«አያ፣ ቦራን ለእኔ ብለው ሸጡት?»

«ለማን እሸጠዋለሁ ታዲያ?» አሉ አያ ሁሴን።

ሰይድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ በእጆቹ ውስጥ ሆኖ «ውሃ አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። «ጠምቶኝ ነበር። እሱ አልጠማውም። ውረድና አምጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ይህን ሁሉ ዘመን አብረነው ስንኖር ይህን አናውቅም ነበር። ሐኪሟ በቀስታ «እናንተ ውጭ ትቆዩልን?» አለችን። ወጣን።

ኮሪደሩ ላይ አያ ሁሴን ከጎኔ ተቀመጡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ሰው እንዴት ነህ ሲልሽ፣ ደህና ነኝ የምትዪው ለሰውየው አዝነሽ ነው፤ ሸክምሽን እንዳትጭኚበት» አሉ። «እሱም የራሱ አለው። ደግሞ አላህን ማማረር ይሆናል። ደግሞም ስሙ ከወጣ ማን ልጁን ይድርለታል ብዬ ፈራሁ፤ ከአንቺ ምን እደብቃለሁ።»

«አውቃለሁ አያ።»

«ለካ አፉን የያዝኩበት እኔ ነኝ።»

ውሸት ነው ብል እሳቸው አያምኑኝም፤ እውነት ነው ማለትም አልሆነልኝም። የተረፈውን ማንጎ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሳይልጡ ይዘውት ተቀመጡ።

ሰይድ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ሐኪሟ ከእሱ ፈቃድ ጠይቃ አስገባችን። ይህ ስም ያለው፣ ሕክምናም ያለው በሽታ ነው አለችን። ማታ ማታ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ ግን መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፣ እየተመላለሰ መነጋገርም አለበት። ማማውን በግድ አትከልክሉት አለችን።

«ስንት ጊዜ ነው የሚመላለሰው?» አሉ አያ ሁሴን። ቀሪ በሬያቸውን እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ።

«ወራት ይፈጃል አባባ። በአንድ ቀን አያልቅም።»

አያ ሁሴን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማሽላም አንዴ በታረሰ መሬት አይዘራም» አሉ።

በየጊዜው እሷ ዘንድ መምጣት እንደማያስፈልገንም ነገረችን። ወልድያ ባለው የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ስላለ ክትትሉን እዚያ ማድረግ ይችላል፤ የጤና መድህን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፉ አለች። አያ ሁሴን መድህን አላቸው። በየዓመቱ መዋጮውን ይከፍላሉ፤ ለወባና ለወሊድ ብቻ ይመስላቸው ነበር። እኔም እንደዚያው ነበር የሚመስለኝ። እንግዲህ እንደኛ የተቸገረ ካለ ይህችን ያዙ፤ ከማንጎው ትበልጣለች። መድህኑ ስለማይሸፍነው መሳፈሪያ እኔ አለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

መልስ፣ ዋጃ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ

በመልሱ ብዙ አልተነጋገርንም። ሰይድ ከወልድያ እስከ ቆቦ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ይተኛ አይተኛ አላወቅኩም፤ ማንም እንዳይነካው በእጄ ከለልኩት። ቆቦ ላይ ቤቴ መውረድ ነበረብኝ፤ አልወረድኩም።

ዋጃ ስንደርስ አቧራው ወርቅ መስሏል። አያ ይማም ከማሳ እየተመለሱ ነው፤ ሁለቱን በሬዎች፣ የራሳቸውንና የእኛን፣ ከፊታቸው እየነዱ፣ ሞፈሩን ተሸክመው። ሰይድ የእኛን በሬ አየው፣ ቦራ የሌለበትን ጎንም አየ። አያ ይማም ገና ከሩቅ ጀመሩት፦

«እንዴት ዋላችሁ? እንዴት ሰነበታችሁ? መንገዱስ? ደሴስ እንዴት ነው? ሰይዶ፣ እንዴት ነህ?»

አያ ሁሴን አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት። ጋቢያቸውን አስተካከሉና ወደ ሰይድ ዞሩ፤ ለአንድ እንግዳ ቦታ እንደሚለቅ ሰው አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ።

«ደህና አይደለሁም አያ ይማም» አለ ሰይድ። «አሞኛል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ መድኃኒት እወስዳለሁ።»

በእኛ ሰላምታ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለም። አያ ይማም ሞፈሩን ከአንዱ ትከሻቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። አጎቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሰይድን አዩት።

«በል እንግዲያው» አሉ። «ነገ ሁለቱንም ማሳ እኔ ጠምጄ አርሳለሁ። አንተ ተኛ።»