የመነጽር ሰሪው ሁለት ሸክላ ማጫወቻዎች

መነጽር ሰሪው ዕድሜውን የፈጀው አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሱቁ ጓዳ ጨለም ባለችው ክፍል ደንበኛውን ያስቀምጥና፣ ከባዱን የመለኪያ መነጽር አፍንጫው ላይ አስደግፎ፣ አንዱን መስተዋት አውጥቶ ሌላውን ይከታል። "ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?" ይላል። ሰው መጀመሪያ ላይ አስቦ ይመልሳል፤ ሲሰለቸው ግን "ሁለተኛው" እያለ መገላገል ይጀምራል። እሱም ይህን ስለሚያውቅ አንዳንዴ ምንም ሳይቀይር የቀየረ መስሎ ይጠይቃል። "ሁለተኛው" ያለውን ሰው ውጭ ወጥቶ ትንሽ ተናፍሶ እንዲመለስ ይሰድደዋል።

ቤቱ ሲገባም ከዚሁ ጥያቄ አይላቀቅም ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ በዘመናቸው አሉ ከሚባሉት የነበሩ ሁለት አሮጌ ሸክላ ማጫወቻዎች አሉት። አንደኛው ብረት የሆነ ከባድ ነው፤ ሞተሩ ሸክላው ከሚያርፍበት ሳህን ሥር ተቀምጦ በቀጥታ ያዞረዋል፤ ቁልፉን ነካ ሲያደርጉት ወዲያው ፍጥነቱን ይይዛል። ሌላው የእንጨት ሣጥን ያለው፣ ቀለል ያለ ነው፤ ሞተሩ ጥግ ላይ ሆኖ ሳህኑን በቀጭን የላስቲክ ቀበቶ ይጎትተዋል። ከበሮና ባስ ሲመጣ ከባዱን የሚያህለው የለም። የሰው ድምፅ ሲሆን ግን ባለቀበቶው ይበልጣል፤ ወይም መነጽር ሰሪው እንዲህ ያምን ነበር።

ያመነውም በሚስቱ ጆሮ ነው። አንድ ዓይነት ሸክላ ሁለት ቅጂ ፈልጎ ገዝቷል። አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ ያስቀምጥና፣ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን መምረጫ ቁልፍ ወዲህና ወዲያ ያዞራል። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታው ሶፋው ላይ ትቀመጣለች።

"የቱ ይሻላል?"

"ቆይ እስቲ... አሁን ያለው።"

"እንዴት?"

"ዘፋኟ ሴትዮ አጠገቤ ቁጭ ያለች መሰለኝ።"

አሁን ያለው ሁልጊዜ ባለቀበቶው ነበር። መነጽር ሰሪው በዚህ ይሰማው የነበረውን ደስታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለሰው ሲያወራ፣ "የእኔ ጆሮ ለስሙ ነው፤ ጆሮ ያላትስ እሷ" ይል ነበር።

ከዚያ ሚስቱ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። እሱ አላለቀሰም። ዘመድ አዝማዱ "አልቅስ እንጂ፣ ይውጣልህ" ቢሉትም እንባው እሺ አላለውም። ሱቁን ከፈተ፣ መስተዋት ሞረደ፣ የላላ ብሎን አጠበቀ። ምግብ ሲቀርብለት በላ፣ ሲነሣ እጁን ታጠበ። ሸክላዎቹን ግን አልነካቸውም። ሲያያቸው ያስጨንቁት ስለነበር አይደለም፤ ዝም ብሎ ትዝ አይሉትም ነበር።

ልጁ ይህን ስታይ ከርማ አንድ ቀን መጣች።

"አባዬ፣ ብቻህን እዚህ አትሆንም። እኛ ጋ ትመጣለህ። ክፍሏ ጠበብ ትላለች እንጂ ፀሐይ አላት።"

"እሺ" አለ። በዚያ ሰሞን እሺ ማለት ቀሎት ነበር።

"ከማጫወቻዎቹ ግን አንዱን ነው መያዝ የምትችለው። ሁለቱ አይገቡም።"

"እሺ።"

"የቱን?"

ይህን ጊዜ ዞር ብሎ ማጫወቻዎቹን ተራ በተራ አያቸው።

ለዚሁ ምርጫ ኦፕሬተሩ ተጠራ። ኦፕሬተር ቅጽል ስሙ ነው፤ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያሳይ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የመነጽር ሰሪው የልጅነት ጓደኛ፣ ወሬው ማብቂያ የሌለው ሰው ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እጅጌውን ሰበሰበ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መርፌ ገጠመ፤ የድምፃቸውንም መጠን እኩል አደረገ።

"ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል" አለ ለልጅቱ። "ይቺ ናት ብዙ ሰው የምታሳስተው።"

"እኔንማ ማንም ያሳስተኛል፣ ጋሼ" አለች፤ ብርጭቆ በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር።

ሸክላው መጫወት ጀመረ። ኦፕሬተሩ ጣቱን ቀስሮ፣ "እዚች ጋ ስማ፣ የፒያኖው ድምፅ ሲሳብ። ባለቀበቶው ላይ ትንሽ ትዋዥቃለች። ከባዱ ላይ ቀጥ ትላለች" አለ። መነጽር ሰሪው መዋዠቋን ሰማት። ከበሮውንም፣ የሴትዮዋን ትንፋሽም፣ የመርፌውን ፍጭርጭርታም ሰማ። ጆሮው ደህና ነበር። ነገር ግን ሁሉም ነገር ጆሮው ድረስ መጥቶ እዚያው ይቀራል፤ የሌላ ሰው ስልክ ሲጠራ እንደ መስማት ነበር።

"እና የቱ?" አለ ኦፕሬተሩ።

"ሁለተኛው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ገና አልቀየርኩትም እኮ።"

መነጽር ሰሪው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። "ባለቀበቶውን ልውሰድ። እሷም እሱን ነበር የምትመርጠው።"

ልጁ ጋዜጣውን አስቀመጠች።

"አባዬ... እማዬ እኮ አትለያቸውም ነበር።"

"ምኑን?"

"ልዩነቱ አይሰማትም ነበር። ቁልፉን ስታዞረው ቀጭ ይላል አይደል? ወደ ቀኝ፣ ወደ ባለቀበቶው ሲሆን ጠንከር ይላል። በእሱ ነበር የምታውቀው። ለእኔም አሳይታኛለች።"

ኦፕሬተሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ መስኮቱ ሄደ። መነጽር ሰሪው ተነሥቶ ቁልፉን አዞረ፤ መለሰው። ከዚያ ልጁን "አንቺ አዙሪው" ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሚስቱ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው፣ ጠንከር ያለው።

"እውነትሽን ነው" አለ።

"ደስ እንዲልህ ብላ ነው።"

"ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ባለቀበቶውን?"

"ከባዱን ያመጣኸው ቀን የአበባ ማስቀመጫዋን ቦታ ወሰደባት። እስከ መጨረሻው ቂም ይዛበት ነበር።"

ኦፕሬተሩ ሳያስበው ሳቀ፤ ደንግጦም አፉን ያዘ። ልጅቱም ሳቀች፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። ሁለቱም መነጽር ሰሪውን አዩት። እሱም ደረቱ ውስጥ ሳቅም ሆነ ልቅሶ ይኖር እንደሆነ ጥቂት ጠበቀ። የመጣ ነገር አልነበረም።

"ምሳ ሳንበላ ነው እኮ የዋልነው" አለ።

ባለቀበቶው ከእሱ ጋር ሄደ፤ ከባዱን ለኦፕሬተሩ ሰጠው። ኦፕሬተሩ "አይሆንም፣ አይሆንም" እያለ መሸከሚያ ገመድ ያስር ነበር። መነጽር ሰሪው በአዲሷ ክፍል ማጫወቻውን መስኮቱ ሥር አኖረው። አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ የሸክላ አንድ ገጽ ያጫውትና ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ልጁ ገብታ መርፌውን ታነሣለች።

እሁድ እሁድ ደግሞ ኦፕሬተሩ ቤት መሄድ ለመደ። የዚያ ቤት ወለል ጣውላ ነው፤ ሰው ሲራመድ መርፌው ይዘላል። ኦፕሬተሩ ሚስቱን በጫፍ እግሯ እንድትሄድ ቢለምናት፣ "በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ልሂድ?" አለችው። እውነቷን ነበር። መነጽር ሰሪው ግድግዳውን በስቶ፣ በሁለት ወፍራም ብረት ላይ መደርደሪያ ሰቀለላቸው። ውኃ ልኩን ደጋግሞ አይቶ ከባዱን ላዩ ላይ አሳረፈው።

ከዚያ ሦስቱም ተቀምጠው አዳመጡ። የኦፕሬተሩ ሚስት ሆን ብላ እየረገጠች ወደ ጓዳ ሄዳ ተመለሰች፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም።

"እንዴት ነው?" አለ ኦፕሬተሩ።

"ደህና ነው" አለ መነጽር ሰሪው። ገጹ ሲያልቅ ሌላ ሰው እስኪነሣ አልጠበቀም፤ ራሱ ተነሥቶ ሸክላውን ገለበጠውና ወደ ቦታው ተመለሰ።