የተጠመቅሁ ዕለት ውሃው ቀላ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ የጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀን የምንጸልይበት ዘመን። ጉደር አስተማሪ ነበርኩ። ዛሬም ልብስ ሳጥብ ቀለም ሲለቅ ካየሁ ልቤ ድንግጥ ይላል።

እኛ ዘንድ ጥምቀት ማለት መላ ሰውነት ውሃ ውስጥ ገብቶ መውጣት ነው። ሽማግሌያችን ኦቦ ቶለራ ሰው ሳይነሳ፣ ገና ሲነጋጋ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ወደምትገኝ ጅረት ወሰዱኝ። ነጭ ልብሴን ለብሼ ገባሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው አጠለቁኝ። ቀና ስል ውሃው ቀይ ነው።

ደም መሰለኝ። በዚያ ዘመን ደም ቢመስለኝ አይፈረድብኝም። ከላይ ሰው ገድለው ጥለው ይሆናል አልኩ። የኦቦ ቶለራም ፊት አመድ መሰለ። «ኮቱ፣ ነይ፣ ቶሎ ውጪ ልጄ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ልብሱን ብፈትገው ብፈትገው ሮዝ ሆኖ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሰዎች ውሃ ውስጥ የሆነ ነገር ሲጨምሩ ታይተዋል፣ መርዝ ነው ተብሎ ከተማው ታምሷል። ሊቀ መንበሩ አንድ የውሃ ጥናት ባለሙያ ከጎኑ አቁሟል። ሰውየው ረጋ ብሎ አስረዳ፤ መርዝ ሳይሆን ቀለም ነው። ውሃው ተራራው ላይ ከሰረገ በኋላ የት እንደሚወጣ ለማወቅ እሱና ባልደረቦቹ የጨመሩት ነው። ትልቁ ምንጭ ላይ ሲጠብቁት ሳይወጣ ቀርቷል። «ያየ ካለ ቦታውን ይንገረን። ካላወቅን ለከተማው የት እንደምንቆፍር አናውቅም» አለ።

ሊቀ መንበሩ ቀበል አድርጎ «ያየ ይናገር። በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ይሠራ እንደነበርም አብሮ ይናገር» አለ።

የምናውቀው እኔና ኦቦ ቶለራ ብቻ ነን። ብናገር ሁለታችንም እስር ቤት ነን። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ፤ እኔ ልብሱን ስፈትግ የቀላ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄያለሁ።

ስብሰባው አልቆ ስወጣ ባለሙያው በር ላይ ቆሞ ነበር። «እህቴ፣ ከጆሮዎ ጀርባ ቀልቷል» አለኝ ዝግ ብሎ።

አለቀልኝ አልኩ። ወደ ሊቀ መንበሩ ዞር ብሎ አየ፤ ከሰው ጋር ወሬ ይዟል።

«የት ነው?»

«ከድሮው ወፍጮ በታች ያለችው ጅረት» አልኩት።

በማለዳ እስከ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገብቼ ምን እሠራ እንደነበር አልጠየቀኝም። «ልብሱን ሳሙና አያስለቅቀውም፤ በበረኪና ይዘፍዝፉት» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ እየመሰለኝ ስባንን ከረምኩ። የመጣ የለም። ሰውየው ለሊቀ መንበሩ «እኛው ራሳችን ፈልገን አገኘነው» እንዳለው የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ስሙን አልጠየቅሁትም፤ በየት በኩል ልጠይቀው። ይኸው አርጅቼ፣ ጸሎት ቤታችንም ተከፍቶ እንደ ልባችን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስንጸልይ፣ «የውሃውን ሰውዬ ባለበት ጠብቀው» እላለሁ። የቱን እንደምል እግዚአብሔር ያውቃል።