ከባለ ካፖርቱ ጋር የታሰርኩ ዕለት

አባቴ ሙግት ይወድ ነበር። ሌላው ሰው ጠላ ይወዳል፣ በቅሎ ይወዳል፤ እሱ ግን ችሎት አለ ከተባለ በሬዎቹን እንደ ተጠመዱ ለጎረቤት ትቶ ነው የሚሄደው። የራሱ ጉዳይ የሌለው ቀን የሰው ጉዳይ ሲሰማ ይውላል፤ ማታ እቤት ገብቶ ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም ሆኖ ለእናቴ ያሳያታል። እናቴን እንቅልፍ ሲያሸንፋት "ተጠየቅ!" ብሎ ይቀሰቅሳታል። እኔም ከወገራ ለትምህርት ጎንደር ስገባ ከዳዊት ቀጥሎ በቃሌ የማውቀው የሙግት ሥርዓት ነበር።

ስሄድ አባቴ የነገረኝ ቃል አጭር ነው። "ስንቅ በየወሩ እልክልሃለሁ። ወር ካላደረሰህ ግን ከተማው አልቻለህም ማለት ነውና ተመለስ፤ እርሻ አለ።" ስንቁ አንድ አቁማዳ በሶ ነው። በሶና ትምህርት ምን አገናኛቸው ብዬ ልሟገተው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ከሱ ጋር ሙግት የገጠመ ሰው ቶሎ ስለማይለቀቅ ተውኩት።

ጣሊያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ትምህርት ያመለጠው ሁሉ ባንድ ጊዜ ተሰብስቦ ገብቷል። ሦስተኛ ክፍል ውስጥ እንደኔ አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው አለ፣ ጢሙን የሚላጭ አለ፣ ሚስቱን አገር ቤት ትቶ የመጣ አለ። ከትምህርት ቤቱ ትልልቆች አንዱ የአራተኛ ክፍሉ ባለ ካፖርት ነበር። ከጣሊያን ወታደር የተረፈ፣ ተረከዝ የሚደርስ ካፖርት ይለብሳል። ፀሐይም ሆነ ዝናብ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጠዋት ጠዋት ከአጃቢዎቹ ጋር የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆማል። እኛ ባላገሮቹ ምሳችንን በጨርቅ ቋጥረን ስንመጣ እጁን ይዘረጋል። ቦታውንም "ኬላ" ብሎ ሰይሞታል። የሚወስደው አንድ እፍኝ ብቻ ነው፤ ያ እፍኝ ግን እፍኝ አይባልም፣ ቁና ነው።

ከኔ ጋር አንዲት ክፍል የተከራዩት ያገሬ ልጆች ለምደውታል። "ምነው፣ ካንተ ብቻ ነው እንዴ የሚወስደው? ስጥና እለፍ" ይሉኛል። እኔ በር ላይ ባጉረመረምኩ ቁጥር እሱ የነሱን እፍኝ ስለሚያበዛባቸው፣ ኋላ ኋላማ ከሱ ይልቅ እኔን ይጠሉኝ ጀመር። አንደኛው እንዲያውም ጠዋት ከኔ ጋር መሄድ ትቶ ቀድሞኝ ይወጣ ነበር።

አንድ ማክሰኞ አቁማዳዬን ስከፍት ታቹ ታየኝ። ወሩ ገና አልተጋመሰም። እርሻው ታየኝ፣ አባቴ "አላልኩህም?" ሲል ታየኝ፣ ፊደል የቆጠርኩበት ዓመት ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ተዝቆ ሲሄድ ታየኝ። ንዴቱ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። በር ላይ ስደርስ ባለ ካፖርቱ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። እኔ በሶ በመስጠት ፈንታ ጮህኩ።

"በሕግ አምላክ! በጃንሆይ አምላክ! ከዳኛ ፊት ሳንደርስ ንቅንቅ እንዳትል!"

ያገራችን ሰው ይህን ሲሰማ የሰነዘረውን ዱላ እንኳ ያወርዳል። ባለ ካፖርቱም እጁን እንደ ዘረጋ ደርቆ ቀረ። ወደ ልቡ እስኪመለስ የጋቢዬን ጫፍ በካፖርቱ የቁልፍ ቀዳዳ አሾልኬ ደጋግሜ ቋጠርኩት። እኛ አገር ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ልብስ ለልብስ ተቆራኝተው ነው ወደ ዳኛ የሚሄዱት፤ ቋጠሮውን የፈታ በደሉን አመነ ይባላል። ከተማው ይህን ሥርዓት ከተወ መቆየቱን የነገረኝ አልነበረም።

"ፍታ!" አለኝ።

"አንተ ፍታው። ስትፈታው ግን ተረታህ።"

"ካፖርቱን አውልቀህ ጣልለት!" አለ ከአጃቢዎቹ ትልቁ። ባለ ካፖርቱ ይህን ሲሰማ ጭራሽ ኮሌታውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። እውነትም ማውለቅ ይችል ነበር፤ ለምን እንዳላወለቀ ገረመኝ።

ወዲያው ደወል ተደወለ፣ እኔም ስሕተቴ ገባኝ። እሱን አሰርኩት ብዬ ደስ ሲለኝ ለካ ራሴንም አስሬያለሁ። እሱ አራተኛ ክፍል ነው፣ እኔ ሦስተኛ። እሱ ወደ ክፍሉ ይጎትተኛል፣ እኔ ወደ ክፍሌ እጎትተዋለሁ፤ እሱ ስለሚበልጠኝ አብዛኛውን ጊዜ የምንሄደው ወደ አራተኛ ክፍል ነበር። ዲሬክተሩ መጥተው ጉዳዩን ጠየቁ፤ እኔም እጄን እያወራጨሁ እንደ አባቴ ዘረዘርኩላቸው። አዲስ አበቤ ናቸው፤ ጋቢውን አዩ፣ ካፖርቱን አዩ፣ ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ። "ሂዱና ዳኛችሁን ፈልጉ። ሳትፈቱ እንዳትመለሱ" ብለው አስወጡን።

በሌላም ቀን ሰው ወደማያጣው ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳኛ ፍለጋ ጀመርን። በሥርዓቱ የመንገድ ዳኛ ማለት ሲያልፍ የተገኘ ጨዋ ሰው ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጎንደር ግን ያን ቀን ነውር አላወቀችም። ባለ ብስክሌቱ ሲያየን በሳቅ ሊወድቅ ነበር። ፖሊሱ "ሂዱና ተማሩ" አለን። ባለ ካፖርቱ ደግሞ ሽንቱ መጣ።

"ያዘው" አልኩት።

"ሰውዬ፣ አልቻልኩም!"

ከአንድ የድንጋይ ካብ ጀርባ ሄድን። ፊቴን አዙሬ ቆምኩ፤ ቋጠሮው ግን አጭር ነው፣ ነፋሱም ነፋስ ነው። ካፖርቱ ሲገለጥ ሳላስበው ዞር አልኩ። ከሥሩ ሸሚዝ የለም። ሁልጊዜ አንገቱ ላይ የምናየው ነጭ ኮሌታ ለብቻው ተቆርጦ ካፖርቱ ላይ የተሰፋ ነበር። የጎድን አጥንቱ እንደኔው ይቆጠራል። ማየቴን አየ።

"ብታወራ እገድልሃለሁ" አለኝ። ድምፁ ግን በር ላይ የምናውቀው ድምፅ አልነበረም።

"ይህ ከክሱ ውጭ ነው" አልኩት። ቁልፎቹን መልሶ እስከ አንገቱ ቆለፈና መንገዳችንን ቀጠልን።

ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ በግ እየጎተቱ ወደ ገበያ ሲወርዱ አገኘን። አዩንና ቆሙ።

"ምነው ልጆቼ፣ ጥጃ ናችሁ እንዴ እንዲህ የተቆራኛችሁት?"

"አያ፣ በመንገድ ዳኝነትዎ ይስሙን" አልኳቸው።

የሽማግሌው ፊት በራ። በጉንም ገበያውንም ረሱ። "እንዲህ ያለ ሸጋ ሥርዓት የሚያውቅ ልጅ በከተማ አለ?" ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ይሄኔ ለምሳ የተለቀቀው ተማሪ ደርሶ ከበበን፤ ያገሬ ልጆችም፣ አጃቢዎቹም አሉ። ሽማግሌው የበጉን ገመድ ለትልቁ አጃቢ አስያዙና "ተጠየቅ በል!" አሉኝ።

ተናገርኩ። ባለ ካፖርቱ "በፈቃዳቸው ነው የሚሰጡኝ" ብሎ ካደ። ሽማግሌው ወዳገሬ ልጆች ዞረው "በፈቃዳችሁ ነው?" አሏቸው። መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ ያ ጠዋት ጠዋት ጥሎኝ የሚወጣው ልጅ "አይደለም፣ አያ" አለ፤ ከዚያ ሌሎቹም እንደ ፈነዳ ምንጭ ይንዶለዶሉ ጀመር።

"በቃ!" አሉ ሽማግሌው። "ሁለተኛ በሰው ስንቅ ላይ እጁን ላያነሣ ተፈርዶበታል። ለዚህ ዋስ ጥራ።"

ባለ ካፖርቱ ወደ አጃቢዎቹ ዞረ። አንደኛው ምሳውን አስታወሰ። ሌላው የማያውቀው ሰው ይመስል ሰማይ ሰማይ አየ። ትልቁን በስሙ ሲጠራው፣ "እኔማ በግ ይዣለሁ" አለ። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። ባለ ካፖርቱ አልሳቀም። ያን የሚያህል ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ተማሪ መካከል አንድ ዋስ አጣ፤ ክሱ የራሴ ሆኖ ሳለ አንጀቴን በላው።

"ዋስ ያጣ መያዣ ይሰጣል" አሉ ሽማግሌው። "ካፖርትህን አውልቅና ከከሳሽህ ዘንድ አስቀምጥ።"

እጁ ወደ ኮሌታው ሄደ። ጨምድዶ ሲይዘው ቋጠሮው እኔንም ሳበኝ። አላወለቀም፣ ወደኔም አላየም። ተማሪው "አውልቅ! አውልቅ!" እያለ ያጨበጭባል፤ ያገሬ ልጆች ከሁሉ በላይ ይጮኻሉ። እኔም ልጩህ ብል የሚከለክለኝ አልነበረም።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አልኩ።

ጩኸቱ ቀጥ አለ። ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘንብለው "ማን?" አሉ።

"እኔ፣ አያ። እሱ ሰው ቢነካ እኔ ልጠየቅ።"

"ከሳሽ ለተከሳሹ ዋስ ሲሆን ጠጉሬ እስኪሸብት አላየሁም" ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ቋጠሮውን ፈቱና በጋቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ዋስነት ቀላል ሥራ አይደለም። ባለ ካፖርቱ ከማንም አንድ እፍኝ ቢወስድ ተጠያቂው እኔ ስለሆንኩ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከጎኑ ተቀምጬ እጠብቀው ጀመር። ተርቦ ከተቀመጠ ሰው አጠገብ ደግሞ ብቻን መብላት አይቻልም። ከበሶዬ ሳካፍለው አቁማዳው ከበፊቱም በፍጥነት ጎደለ፤ ወር ሳይሞላም ባዶ ሆነ። ያገሬ ልጆች አፍረው ከየአቁማዳቸው ባያዋጡልኝ ኖሮ በእግሬ ወገራ እገባ ነበር።

አባቴ ስንቅ ይዞ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ክሱን ሲሰማ ጉልበቱን እየመታ ተደሰተ። ዋስነቱ ላይ ስደርስ ግን ተቆጣ። "ከሳሽ ዋስ ይሆናል? የረታኸውን ሙግት አበላሸኸው!" ብሎ ተነሥቶ ወጣ። በመስኮት ሳይ፣ እኔን ፍለጋ መጥቶ የተከራየነው ቤት ግቢ ውስጥ በዚያ ፀሐይ እስከ አንገቱ ቆልፎ ከቆመው ባለ ካፖርት ጋር ሲያወራ ቆየ። ምን እንዳወሩ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም።

በሚቀጥለው ወር አባቴ ሲመጣ አህያው ላይ ሁለት አቁማዳ ነበር።

"አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለከሰስኸው" አለኝ። ስለ እርሻው ምንም አላነሣም።